ሊኑክስ ለቤት ኮምፒውተር ይበጃልን?

የኮምፒውተርን ራም፣ ዲስክ፣ ኪቦርድና ሌሎች ክፍሎች ከምንገለገልባቸው ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር ሥርዓተ ክወና ወይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። በአብዛኛው የቤት ኮምፒውተር ላይ የሚገኘው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ አገልግሎት መስጠት የሚችሉ ብዙ ኮምፒውተሮች መስፈርቱን አያሟሉም። ባለቤቶቻቸው ኮምፒውተሩን ከመጣል ወይም ለአደጋ ተጋልጠው ከመቀጠል ሌላ አማራጭ አላቸውን? ሊኑክስን ከዚህ ጥያቄ አንጻር እንመልከተው።

ሊኑክስ ክፍት ምንጭ ከሚባሉት ሶፍትዌሮች አንዱ ነው። ምንጭ ኮድ ማለት ፕሮግራመሮች የሚጽፉት፣ ሰው ሊያነበው የሚችል የፕሮግራም ጽሑፍ ነው። ብዙ የንግድ ኩባንያዎች ይህን ጽሑፍ ይሰውሩታል፤ ወጡን ይሸጡልናል እንጂ አሠራሩን አይነግሩንም። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ያደረገው የግኑ ፕሮጀክትና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ያበረከተው ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ተጣምረው ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያባዛው የሚችል ሥርዓት አስገኙ። በአማርኛ «ነፃ» ስንል ክፍያ የሌለውንም አርነት ያለውንም መግለጻችን ነው፤ የእነዚህ ሶፍትዌሮች ፈቃድ በዋናነት የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው።

ኢንተርኔት ለመጠቀም፣ ጽሑፍ ለማዘጋጀትና ፊልም ለማየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ሊኑክስ በቂ ነው። ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ በብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ውስጥ ተካትተው ይመጣሉ። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ዓይነት በ2 ጊጋባይት ራም ይሠራል፤ በ4 ጊጋባይት ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። በየ2 ዓመቱ የሚወጣው የኡቡንቱ የረዥም ጊዜ እትም ለ5 ዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ከዚህም በላይ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ከታወቀ ማከማቻ ስለሚወርዱና የሥርዓቱን ፋይሎች ለመለወጥ የይለፍ ቃል ስለሚጠየቅ፣ ቫይረስ በቀላሉ አይዛመትም። ይሁን እንጂ ፈጽሞ አይደፈርም ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ፎቶሾፕና አውቶካድ ለሊኑክስ አልተዘጋጁም። ስለዚህ በእነርሱ ለሚተዳደር ዲዛይነር ወይም መሐንዲስ መቀየሩ ይጎዳዋል። አንዳንድ ጌሞች፣ ፕሪንተሮችና የዋይፋይ ካርዶችም ላይሠሩ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለገባ፣ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሊኑክስ ያለ ችግር ይነበባል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ግን ፎንቱ ካልተጫነ ወይም ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። የአማርኛ መጻፊያው የቁልፍ አቀማመጥም ከለመድነው ሊለይ ይችላል።

እንግዲህ መልሱን ከሌላ ሰው ከመጠበቅ በራሳችን ኮምፒውተር ላይ መሞከር ይሻላል። ሊኑክስ ሚንትን በባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጽፈን፣ ሃርድ ዲስኩን ሳንነካ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት እንችላለን። በፍላሹ ላይ የነበረው መረጃ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይገባል። በሙከራው ወቅት ፍጥነቱ ዝግ ማለቱ የተለመደ ነው። ዋናው ነገር ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ ፕሪንተሩንና ዘወትር የምንከፍታቸውን ሰነዶች አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። ሁሉም ከሠሩና የምንተዳደርበት ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚገኝ ካልሆነ፣ የፋይሎቻችንን ቅጂ በሌላ ዲስክ አስቀምጠን ሊኑክስን ብንጭን ያረጀ የተባለው ኮምፒውተር ተጨማሪ ዓመታት ያገለግለናል።