ፊልም በዲስክ፦ ትርፉ ከብዛት ሳይሆን ከምጣኔ

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የሚለው የባልትና ምክር ከማድ ቤት አልፎ ገበያ ውስጥም ይሠራል። በተለይ ገዢው በመቶዎች የሚቆጠር ሸቀጥ ለሚያወጣ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ምክር ማግኘት ያዳግታል። ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚፈልጓቸውን ፊልሞች በዲስክ አትሞ መሸጥ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነት ንግዶች አንዱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ ወደ ሰላ ድንጋይ ጎራ ማለት ይቻላል። ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የዘነበ ወርቅ መኖሪያ የነበረች ከተማ ናት። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነስቶ ወደ ጎንደር ሲያቀና አልፎባታል። እንግዲህ ከከተማዋ የተወለደ አንድ ባለሙያ ይህንኑ ታሪክ አዛውንቶችን አነጋግሮ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፣ አንድ የደብረ ብርሃን ነጋዴ ደግሞ ፊልሙን በዲስክ ሊያወጣው አስቧል እንበል።

ገዢው ማን ነው? በሰላ ድንጋይና በደብረ ብርሃን ያሉ የአካባቢው ተወላጆች፣ አዲስ አበባ የከተሙ፣ ባሕር ማዶ የሚኖሩ፣ ጥቂት ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም የታሪክ ፊልም የሚሰበስቡ ግለሰቦች ናቸው። ይህ ገበያ እንደ ሳሙና ወይም እንደ ዘይት የሚሰፋ አይደለም። ዋጋው ቢቀንስም ስለ ሰላ ድንጋይ ማወቅ የማይፈልግ ሰው ዲስኩን አይገዛም። ስለሆነም ነጋዴው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ "ስንት ቅጂ ይታተም?" የሚለው ነው።

የመጀመሪያዋ ቅጂና ቀጣዮቹ

የዲስክ ንግድ ወጪ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቋሚ ወጪ ነው። ይኸውም ለፊልሙ ባለቤት የሚከፈል የመብት ዋጋ፣ የመጨረሻ ቅንብር፣ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍና የሽፋን ንድፍ ሲሆን፣ 1 ቅጂም ይሸጥ 10 ሺህ ለውጥ የለውም። ሁለተኛው ተለዋዋጭ ወጪ ሲሆን ባዶ ዲስክን፣ የቅጂ ሥራን፣ የሽፋን ኅትመትንና ማሸጊያን ያካትታል።

ለስሌት ያህል ቋሚው ወጪ 150,000 ብር፣ የአንድ ቅጂ ተለዋዋጭ ወጪ 100 ብር፣ የመሸጫው ዋጋ 400 ብር ይሁን። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለቋሚው ወጪ መሸፈኛ የሚተርፈው 300 ብር ነው። 150,000ን ለ300 ሲያካፍሉት 500 ይመጣል። የታተመው ሁሉ እስከተሸጠ ድረስ ነጋዴው ከኪሣራ የሚወጣው በ500ኛው ዲስክ ነው ማለት ነው።

ሰባት መቶ ገዢ፣ ሁለት ውጤት

አሁን ትክክለኛው የገዢ ቁጥር 700 ነው እንበል። ጠንቃቃው ነጋዴ 700 ቅጂ ያሳትማል። ጠቅላላ ወጪው 220,000 ብር፣ ገቢው 280,000 ብር፣ ትርፉም 60,000 ብር ይሆናል። "ዕቃ ይበዛል እንጂ አይጎድልም" ያለው ሌላው ነጋዴ ደግሞ 1,500 ያሳትማል። ገቢው እንደ መጀመሪያው 280,000 ብር ነው። ወጪው ግን 300,000 ብር ስለሚደርስ 20,000 ብር ይከስራል። ፊልሙ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ገዢውም አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ80,000 ብር ልዩነት መጋዘን ውስጥ በካርቶን ተዘግቶ የቀረው 800 ዲስክ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የአታሚው ቅናሽ ነው። "1,500 ካዘዝክ አንዱን በ80 ብር እሠራልሃለሁ" ሲባል ቅናሹ ትርፍ ይመስላል። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። በዚህ ዋጋ ጠቅላላ ወጪው 270,000 ብር ሲሆን ከ280,000 ብር ገቢ ላይ የሚተርፈው 10,000 ብር ብቻ ነው። በ100 ብር 700 ቅጂ ያሠራው ግን 60,000 ብር አትርፏል። የነጠላ ዋጋ መቀነስ ያልተሸጠን ዕቃ አያካክስም።

ለዚህ ምርጫ መሠረቱ የአሠራሩ ልዩነት ነው። በፋብሪካ የሚታተም ዲስክ መጀመሪያ ሻጋታ ይሠራለታል። የሻጋታው ወጪ በብዙ ቅጂ ላይ ካልተከፋፈለ አያዋጣም። ባዶ ዲስክ ላይ በሌዘር የሚጻፈው ግን ሻጋታ አያስፈልገውም፣ 50ም 20ም ማዘጋጀት ይቻላል። ነጠላ ዋጋው ቢወደድም ነጋዴውን ገዢ ከሌለው ክምችት ያድነዋል። ጉድለቱ መረጃውን የሚይዘው ቀለም በብርሃንና በሙቀት ሊጎዳ መቻሉ ነው። ስለዚህ ጥራት ያለው ባዶ ዲስክ መምረጥና ለገዢውም አቀማመጡን መንገር ያስፈልጋል።

የብዙኃኑ ገበያ እንዴት ሄደ?

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በቪዲዮ የሚቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች ሲያጨናንቁ፣ ፊልሙ መጀመሪያ በሲኒማ፣ ቀጥሎ በቪሲዲ ለገበያ ይቀርብ ነበር። አንድ ቪሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል በመሆኑ የ100 ደቂቃ ፊልም 2 ዲስክ ይፈልጋል። ዲቪዲ ሲመጣ ግን ባለ 4.7 ጊጋ ባይቱ አንድ ዲስክ በቪሲዲ ጥራት 4 ፊልም የሚሸከም ሆነ። ለአምራቹ መልካም ዜና የመሰለው ይህ ቴክኒክ ይበልጥ የጠቀመው ሕገ ወጥ ቀጂውን ነው። የአራት ሰዎችን ሀብት በአንድ ዲስክ አጭቆ በጥቂት ብር መቸርቸር ቻለ። በኋላም ዲስኩ ራሱ ቀርቶ ፍላሽ ማስሞላት ተለመደ።

በኢኮኖሚክስ ዓይን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀጂው ቋሚ ወጪ የለበትም። ለመብት አይከፍልም፣ ለቅንብር አይከፍልም። ስለሆነም ከተለዋዋጭ ወጪው ጥቂት ብር ብቻ ጨምሮ ቢሸጥ ያተርፋል። ሕጋዊው አሳታሚ ግን በዚያ ዋጋ ሊሸጥ አይችልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደንግጓል። ሆኖም በየመንደሩ ኮምፒዩተር ባለበት ሁሉ ቁጥጥር ማድረግ ቀላል አልሆነም።

በውጭው ዓለምም የብዙኃኑ ገበያ ዲስክን ጥሎ ሄዷል፣ ምክንያቱ ግን የኢንተርኔት ስርጭት ነው። ዲስክ በፖስታ በማከራየት እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው ኔትፍሊክስ የመጨረሻዎቹን ዲስኮች የላከው መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ትልቁ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ቸርቻሪ ቤስት ባይም እ.ኤ.አ. በ2024 የፊልም ዲስክ መሸጥ አቁሟል።

ይሁንና ብዙኃኑ ሲሄድ የቀረ ሰው አለ። እርሱም ሰብሳቢው ነው።

ሰብሳቢ ምን ይገዛል?

ተመልካች የሚገዛው ሁለት ሰዓት መዝናኛ ነው። ሰብሳቢ የሚገዛው ደግሞ በመደርደሪያው የሚቆም፣ ማንም ከኢንተርኔት ሊያነሳበት የማይችል ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የቆየው የአሜሪካው ክራይቴሪዮን የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ፊልሙን በተሻለ ጥራት፣ ከተጨማሪ ቃለ ምልልስና ከማብራሪያ ጋር ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው ትዋይላይት ታይም ደግሞ አብዛኞቹን ፊልሞቹን በ3,000 ቅጂ ገድቦ ያወጣ ነበር። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ለማሳተም ያልፈለጓቸውን ፊልሞች መብት ለተወሰነ ጊዜ ተኮናትሮ፣ የገዢውን ቁጥር ገምቶ፣ ያንኑ ያህል ያትማል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራውን ቢዘጋም አሠራሩን ሌሎች ተከትለውታል።

እዚህ ላይ የኖቤል ተሸላሚው ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1972 ያነሳው ሐሳብ ይጠቅማል። የማይበላሽ ዕቃ ብቸኛ ሻጭ ነገ ዋጋ እንደሚቀንስ ገዢው ከጠረጠረ ዛሬ አይገዛም፣ ይጠብቃል። "የተወሰነ ቅጂ" የሚባለው ቃል ኪዳን ዋጋ የሚኖረው ሻጩ ሲያከብረው ነው። ቁጥር የተጻፈበት ዲስክ ሸጦ በዓመቱ ያንኑ በግማሽ ዋጋ የሚያወጣ ነጋዴ የመጀመሪያውን ፊልም ቢሸጥ ሁለተኛውን የሚገዛው አያገኝም።

በምሳሌያችን ከ700ዎቹ ገዢዎች 200ው ሰብሳቢዎች ናቸው እንበል። ለእነዚህ ቁጥር የተሰጠው፣ የድሮ ፎቶግራፎችና የተናጋሪ አዛውንቶች ስም የሰፈረበት ትንሽ መጽሔት ያለው ቅጂ በ700 ብር ቢቀርብ፣ ለሌሎቹ 500ዎች ደግሞ ተራው ዲስክ በ400 ብር ቢሸጥ፣ ገቢው 340,000 ብር ይደርሳል። መጽሔቱ ለእያንዳንዱ 100 ብር ቢጨምር ጠቅላላ ወጪው 240,000 ብር ነው። ትርፉ ከ60,000 ወደ 100,000 ብር አደገ ማለት ነው። አንድም ተጨማሪ ገዢ አልመጣም፣ የገዢዎቹ ፍላጎት ግን ተለይቶ ታወቀ።

ዲስክ እንደ ቁጠባ?

አንዳንድ ገዢዎች ዲስኩ ከገበያ ሲጠፋ ዋጋው ይጨምራል በሚል ያስቀምጣሉ። በ400 ብር የተገዛ ዲስክ ከ10 ዓመት በኋላ በ800 ብር ቢሸጥ ጭማሪው በዓመት 7 ከመቶ ገደማ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሀገራችን የዋጋ ግሽበት ከ30 ከመቶ በላይ እንደነበር ላስታወሰ ይህ ትርፍ ሳይሆን ኪሣራ ነው። በዚያ ላይ ፊልሙ እንደገና ከታተመ ዋጋው ይወድቃል፣ ዲስኩ ከተጫረ ገዢ የለውም፣ ማጫወቻውም ከአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ እየጠፋ ነው። ሰብሳቢ የሚወደውን ይግዛ፣ ለትርፍ ብሎ ካርቶን የሚያከማች ግን ይጠንቀቅ።

ባሕር ማዶ ያለው ገዢ

ለሰላ ድንጋዩ ፊልም ከሁሉ የተሻለ የመክፈል አቅም ያለው ገዢ በውጭ የሚኖረው ተወላጅ ነው። በዚህ ረገድ ትምህርት የሚሆነው የኃይሌ ገሪማ መንገድ ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን "ሳንኮፋ" የአሜሪካ አከፋፋዮች ባልተቀበሉት ጊዜ፣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻም ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር በዋሽንግተን ዲሲ፣ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ፊልምና መጽሐፍ የሚሸጥበት "ሳንኮፋ" የተባለ ቤት ከፈተ። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የተሸለመው "ጤዛ"ም የዚሁ ሰው ሥራ ነው። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ገዢው ጥቂት ሲሆን ሻጩ ገዢው ካለበት ቦታ ይቀመጣል፣ መካከለኛውም ትርፉን አይወስድበትም።

የቴክኒክ ጉዳይም አለ። በዲቪዲ የዞን ክፍፍል ኢትዮጵያ በዞን 5፣ አሜሪካ በዞን 1 ይመደባሉ። ዲስኩ ያለ ዞን ገደብ ካልተዘጋጀ፣ የምስል ሥርዓቱም ለአሜሪካ ማጫወቻ እንዲስማማ ካልተደረገ፣ በዶላር የተሸጠው ዕቃ ተመልሶ ይመጣል።

የዶላሩ ነገር በወጪ በኩልም አለ። ባዶ ዲስኩ ከውጭ ይገባል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በስድስት ወር ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ስለሆነም በውጭ የሚገኘው ሽያጭ ለወጪው ጭማሪ መከላከያ ይሆናል፣ በአሮጌ የዕቃ ዋጋ የተሠራ ዕቅድ ግን ይፈርሳል።

ከማሳተም በፊት

ከላይ ከተዘረዘረው አራት ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ መብቱ በጽሑፍ ይያዝ። ስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ሀገር እንደሚሸጥ ውሉ ይናገር። ሁለተኛ፣ ገዢው ከኅትመት በፊት ይቆጠር። የተወላጆች የልማት ማኅበር፣ ዕድርና የትምህርት ቤት ጓደኞች ስብስብ ስም ከቀብድ ጋር የሚመዘገብባቸው ቦታዎች ናቸው። "እገዛለሁ" ያለ ሁሉ አይገዛም፣ 100 ብር ቀብድ የከፈለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገዛል። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ኅትመት ቀብድ ከተከፈለበት ቁጥር ብዙ አይራቅ፣ የጎደለውን በ50 በ50 እየጻፉ መሙላት ይቻላል። አራተኛ፣ ቁጥር ለተሰጠው ቅጂ የተገባው ቃል ይከበር።

እነዚህ አራቱ ከተሟሉ ነጋዴው በዚህ ሥራ ባለጸጋ ባይሆንም ገንዘቡን መልሶ ጥቂት ያተርፋል። ያ ጥቂት ትርፍ ቀላል ነገር አይደለም። የሰላ ድንጋይ አዛውንቶች የሚያውቁትን የሚናገሩት በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ካርቶን ውስጥ ከቀረ ስለ አንኮበር ወይም ስለ ሌላው የሸዋ ከተማ ሁለተኛውን ለማሠራት ገንዘብ የሚያወጣ አይገኝም፣ የተመጠነው ግን የሚቀጥለውን ያስከትላል።