ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ የአንድን ነገር አሠራር የሚያስረዳ ድርሰት

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር እንዴትና ለምን እንደሚሠራ ለአንባቢ የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ሐሳቦቹ በምን ቃላት እንደ ተያያዙም ልብ በሉ።

ምንባብ፦ በሰዓቱ የሚደርስ ሥዕል

ሥዕል በራሱ አይንቀሳቀስም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል የምንለው በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ቋሚ ሥዕሎች በፍጥነት ሲፈራረቁ ዐይን አያይዞ የሚያየውን ነው። በሲኒማ ዘወትር በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕሎች ያልፋሉ። የብዙ ኮምፒዩተሮችና ስልኮች ገጽ ደግሞ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ስለዚህ ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ ከ17 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም፤ አንድ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ክፍል ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን፣ በነፋስ ስልክ አልፎ ወደ ቃሊቲ የሚዘልቀውን ቀላል ባቡር ሥለን በድረ ገጽ ላይ ልናስኬደው ፈለግን እንበል። የገጹ ስፋት 600 ነጥብ ነው፤ ባቡሩም በ10 ሰከንድ ከዳር እስከ ዳር መድረስ አለበት። አንዱ ዘዴ ባቡሩን በየ10 ሚሊ ሰከንዱ እንዲያራምድ ሰዓት ቈጣሪን ማዘዝ ነው። ዳሩ ግን ቈጣሪው በሰከንድ 100 ጊዜ ሲያዝ ገጹ ቢበዛ 60ውን ብቻ ያሳያል፤ የቀረው ድካም ከንቱ ነው። ከዚህም በላይ ኮምፒዩተሩ ሌላ ሥራ ሲበዛበት ትእዛዙ ስለሚዘገይ ባቡሩ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይዘላል። ነገሩ ከበሮውን ሳይሰማ በራሱ ቈጠራ የሚያጨበጭብን ሰው ይመስላል፤ እጁ ቢፈጥንም ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም።

ሁለተኛው ዘዴ ከበሮውን መስማት ነው። ማሰሻው ገጹን ሊያድስ ሲል ፕሮግራሙን እንዲጠራው ይደረጋል፤ ይህም ትእዛዝ ሪኴስት አኒሜሽን ፍሬም ይባላል። ሆኖም ይህ ብቻውን አይበቃም። ባቡሩ በየጥሪው 1 ነጥብ እንዲራመድ ከታዘዘ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ገጽ በ10 ሰከንድ ይደርሳል፤ 120 ጊዜ በሚታደሰው ግን በ5 ሰከንድ፣ በሰከንድ 30 ሥዕል ብቻ በሚያወጣ ደካማ ስልክም በ20 ሰከንድ ይደርሳል። ስለሆነም ፕሮግራሙ ርምጃ መቍጠሩን ትቶ ያለፈውን ጊዜ ይጠይቅ። ፍጥነቱ በሰከንድ 60 ነጥብ ከሆነ፣ ከ4 ሰከንድ በኋላ የባቡሩ ቦታ 240ኛው ነጥብ ነው። በደካማው ስልክ የሚታዩት ሥዕሎች ያንሱ ይሆናል እንጂ ባቡሩ ለሁሉም በሰዓቱ ይደርሳል።

ማብራሪያ

«ዳሩ ግን» እና «ሆኖም» ተቃራኒ ሐሳብን፣ «ከዚህም በላይ» ተጨማሪ ምክንያትን፣ «ስለዚህ» እና «ስለሆነም» ውጤትን ያመለክታሉ። እነዚህ ቢወጡ አንባቢው መፍትሔውን ያያል እንጂ ከየት እንደ መጣ አያውቅም።

መልመጃ

1. ሰዓት ቈጣሪው ቶሎ ቶሎ ማዘዙ ሥዕሉን ለምን አላሳመረውም? በቃል መልሱ።
2. ባቡሩ ከ7 ሰከንድ በኋላ ስንተኛው ነጥብ ላይ ይገኛል? መልሳችሁን «ስለሆነም» በሚል ቃል በሚያያዙ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።
3. ደራሲው ጭብጨባን ለምን በምሳሌነት አመጣው? እናንተም ሌላ ምሳሌ ፈልጉለት።
4. በሠፈራችሁ የምታውቁትን የአንድ መሣሪያ አሠራር በሦስት አንቀጽ አስረዱ።