«ሸረሪት ነው» ከመባሉ በፊት

ሰው ማሳ ውስጥ ወይም አውድማ ላይ ያድርና ሲነጋ ገላው ላይ የማያውቀውን ነገር ያገኛል። አንገቱን ያቃጥለዋል። ወይም ክንዱ ያብጣል። ወይም ግንባሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ይወጣል። የነከሰውን አላየም፤ ሲነከስም አልተሰማውም። እንዲህ ሲሆን በብዙ አገር የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ሸረሪት ሸናብህ» ይባላል። ሸረሪቷ ቀርባ አትጠየቅም፤ ምስክርም አይቆጠርም፤ ፍርዱ ግን ያልቃል።

እኔ ይህን ፍርድ በቅርብ ያየሁት ጎጃም ውስጥ፣ በአንድ ወይና ደጋ መንደር፣ ገበሬ ቤት አርፌ ፊደል ሳስተምር ነው። ወሩ መስከረም ነበር። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ በቆሎው ግን እሸት ይዟል። የቤቱን አባወራ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ጃርትና ከርከሮ እሸቱን እንዳይጨርሱት ሌሊቱን ማማ ላይ ያድራሉ። ፋኖስ ከራስጌያቸው ሰቅለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በየመሀሉ «ሃይ! ሃይ!» እያሉ ድምፅ ያሰማሉ።

አንድ ቀን ጧት ከማማ ሲወርዱ ምንም አላሉም። በማግስቱ ግን አንገታቸውን ማዞር ተሳናቸው። ከጆሯቸው ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻቸው ድረስ በእሳት የተለበለበ የሚመስል ቀይ መስመር ወርዷል። በመስመሩ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ተደርድረዋል። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ሸረሪት ናት!» አለ ሁሉም። አንዲት እናት ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ሊለጥፉላቸው መጡ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «መርዙ በደም ይውጣ» ብለው ከኪሳቸው ምላጭ አወጡ። ያ ምላጭ ከዚያ በፊት የስንቱን ገላ እንደ ነካ እግዜር ይወቀው።

እኔ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት «ተዉ» ለማለት ድፍረት አጣሁ። ብቻ አንድ ነገር ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ሸረሪቷን አይተዋታል?»

«የለም ልጄ፣ አላየኋትም» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ብቻ ከትናንት በስቲያ ሌሊት አንዳች ነገር አንገቴ ላይ ሲሄድብኝ በእንቅልፍ ልቤ በመዳፌ ደፍጥጬ ጠረግሁት። ጉንዳን መስሎኝ ተኛሁ። ቀኑንም ደህና ዋልሁ። ማቃጠል የጀመረኝ ትናንት ማታ ነው» አሉ።

ይህች ንግግር ምላጩን ለጊዜው አዘገየችው። በዚያው ዕለት ማታ ከጋሼ ልጅ ጋር ማማው ላይ ወጣንና ፋኖሱን አበራን። ብዙም ሳይቆይ ትንኙና የእሳት ራቱ ዙሪያውን ከበበው። ከእነዚያ መሀል ጉንዳን የሚመስሉ ቀጫጭን ፍጥረታት ነበሩ። ርዝመታቸው ከአንድ የስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ራሳቸው ጥቁር፣ ደረታቸው ቀይ፣ ወገባቸው እንደገና ጥቁር፣ ከዚያ ቀይ፣ የጅራታቸው ጫፍ ደግሞ ጥቁር ነው። ሲደነግጡ ጅራታቸውን እንደ ጊንጥ ቀና ያደርጋሉ። አንዷን በወረቀት አንሥተን ጠርሙስ ውስጥ ከተትናት። በማግስቱ ጋሼና ጠርሙሱ አብረው ወደ ጤና ኬላ ሄዱ። እዚያ ያለችው የጤና ሠራተኛ ገና ስታያት አወቀቻት።

ይህች ፍጥረት ከጥንዚዛ ወገን ናት። አትነክስም፤ አትናደፍም፤ አትሸናም። የሚያቃጥለው በሰውነቷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ዝም ብላ ገላ ላይ ብትሄድ ጉዳት የላትም። ስትደፈጠጥ ግን ፈሳሹ ቆዳ ላይ ይፈሳል። ቆዳውም ወዲያው አያውቀውም። ከ12 እስከ 36 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይቀላል፤ ያቃጥላል፤ ውሃ ይቋጥራል። ጋሼ ቀኑን ደህና ውለው ማታ የተቃጠሉት ለዚህ ነው። መስመር የሠራውም በእጃቸው ስለ ጠረጉት ነው፤ እጁ የሄደበትን መንገድ ፈሳሹ ተከተለው። በክርን መታጠፊያ ላይ ስትደፈጠጥማ የላዩም የታቹም ቆዳ እኩል ይቃጠላል፤ ልክ እንደ ማኅተም። እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን ያሸ ሰው ደግሞ ዓይኑ ያብጣል። ይህ ለሐኪም የሚያደርስ ነገር ነው።

ጥንዚዛዋ የምትበዛው ዝናብ በበረታበት ወራትና እርጥበት ባለበት ቦታ ነው። ሌሊት መብራት ትወዳለች። በጎረቤታችን በኬንያ በ1990 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ በጣም በዝታ ብዙ ሰው አቃጥላለች። ነገር ግን ጠላት ብቻ አይደለችም። በማሳ ውስጥ ሰብል የሚያጠፉ ትንንሽ ተባዮችን እየለቀመች ትበላለች። ስለዚህ አንገት ላይ ስትሄድ ከተሰማ እፍ ብሎ ማባረር ወይም በቅጠል ማንሣት ይሻላል። ከተደፈጠጠች ግን ቦታውንና እጅን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። ውሃ የቋጠረውን አለማፍረጥ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማሳረፍ። ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይድናል፤ ጠቆር ያለ ምልክት ግን ትቶ ሊቆይ ይችላል።

ነጭ ሽንኩርቱስ? ነጭ ሽንኩርት ራሱ ተወቅጦ ቆዳ ላይ ሲለጠፍ ያቃጥላል። በተቃጠለ ላይ ሌላ ማቃጠል ነው። እበትና አፈር ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣውን ተዋሲያን ወደ ቁስል ያስገባሉ። ምላጭማ ከሁሉ ይብሳል። አንዱ ምላጭ ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የኤች አይ ቪንና የጉበትን በሽታ ይዞ ይዞራል። መርዙም በደም አይወጣም። ጋሼ ነጭ ሽንኩርቱንም ምላጩንም ሳይቀምሱ በ10 ቀን ዳኑ።

ለሸረሪቷም እውነቱን እንናገርላት። መርዛም ሸረሪት በዓለም ላይ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ነገር ግን ሸረሪት ሰው ላይ ሸንታ አታቆስልም። የምትነክሰውም ብዙ ጊዜ ልብስ ወይም ገላ ሲጫናት ነው። በእሷ የሚሳበበው ቁስል ግን ስፍር ቁጥር የለውም። አልማዝ ባለጭራ እንኳ በእሷ ይሳበባል። አልማዝ ባለጭራ በአንድ ወገን ብቻ፣ ለምሳሌ ከጀርባ ወደ ደረት እንደ ግማሽ መቀነት የሚወጣ ሽፍታ ነው። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከሽፍታው ይቀድማል። ምክንያቱ ነፍሳት አይደለም። ጉድፍ የያዘው ሰው ከዳነ በኋላ በገላው ውስጥ ተደብቆ የቆየ ተዋሲያን ነው። ዓይን አጠገብ ከወጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው። ከባዱ ነገር የመጣው ከሁለት ወር በኋላ በኅዳር፣ በአጨዳው መሀል ነው። የጋሼ ጎረቤት የሆነ አንድ ጎልማሳ ክንዱ ላይ ትንሽ የሚያሳክክ ነገር ወጣበት። ትንኝ የነከሰው ይመስል ነበር። ቀጥሎ ውሃ ቋጠረ። ከዚያ መሀሉ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ ዙሪያው አበጠ። ሰውየው ግን አልደነገጠም። «የኔም እንደ ጋሼ ሸረሪት ናት፤ በ10 ቀን ትተወኛለች» አለ። «ደግሞኮ አያመኝም!» እያለ ይስቃል። ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ይገባል። አየህ አንባቢ፣ የጋሼ መዳን ለእሱ ወጥመድ ሆነበት። ለሁለት የተለያየ ነገር አንድ ስም ተሰጥቶ ነበርና።

በ5ኛው ቀን ክንዱ እስከ ክርኑ ተነፋ፤ ትኩሳትም ያዘው። ያን ጊዜ ጋሼ ሊጠይቁት ገቡና ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው እኔ ያልጠበቅሁትን ጠየቁት።

«ሸረሪቷን አይተሃታል?»

«አላየኋትም።»

«በዚህ ሳምንት ታዲያ እጅህ ምን ነካ? ምን ሠራህ?»

ሰውየው ዝም አለ። ሚስቱ ግን ከምድጃው አጠገብ ሆነው መለሱ። «ኧረ ጋሼ፣ በሬው ሞቶ የለ! እሱን ሲገፍፍ ነው የዋለው።»

በሬው ማታ ደህና ገብቶ ጧት ሞቶ ተገኝቷል። ከአፍንጫው ጥቁር ደም ይፈስ ነበር፤ ደሙም አልረጋም። ሆዱ ቶሎ ተነፋ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «አባሰንጋ!» አሉ። በዚያው ሰዓት ቃሬዛ ተሠራ። ተራ በተራ ተሸክመነው ሌሊት ጤና ጣቢያ ደረስን። ሐኪሙም ቁስሉን አይቶ፣ የበሬውን ነገር ሰምቶ፣ ጋሼ ያሉትን ደገመ። መርፌ ተወጋ፤ ኪኒን ተሰጠው። ሥጋውን የቀመሱትና ቆዳውን የነኩት ሁሉ ተጠርተው እንዲታዩ ተደረገ። ሰውየው ዳነ። ክንዱ ላይ ግን የሳንቲም ያህል ጠባሳ አለ።

የአባሰንጋ ተዋሲያን በእንስሳው ደም ውስጥ ይኖራል። እንስሳው ሞቶ ሲከፈት ወደ ውጭ ይወጣና ጠንካራ ዘር ሆኖ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የሚገፍፈው ሰው እጅ ላይ ትንሽ ጭረት ካለች በእሷ ይገባል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። አለማመሙ ያታልላል። የቆዳው አባሰንጋ ካልታከመ ከ5 ሰዎች እስከ 1 ሰው ድረስ ሊገድል ይችላል። በጊዜ ከታከመ ግን የሚሞት ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱም በየጤና ጣቢያው የሚታወቅ ነው።

በዚህ ነገር የሚሳሳት ገበሬ ብቻ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፈረንጆች 2001፣ አሜሪካ ውስጥ ክፉ ሰው የአባሰንጋን ዘር በደብዳቤ ውስጥ እያሸገ ይልክ ነበር። ያን ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ አንድ የ7 ወር ሕፃን ክንዱ ላይ ቁስል ወጣበት። የተማሩት ሐኪሞች መጀመሪያ የጠረጠሩት ሸረሪትን ነበር። አባሰንጋ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ሕፃኑም ታክሞ ድኗል።

በሬ የሞተበትን ሰው ሥጋውንም ቆዳውንም ተው ማለት ቀላል አይደለም። ይህን አውቃለሁ። በሬው የዓመቱ እርሻ ነው፤ ቢያንስ ቆዳው ይሸጥልኝ ማለትም ያለ ነው። ነገር ግን በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ያልረጋ ደም የሚወርደው እንስሳ አይከፈትም፤ አይገፈፍም፤ አይበላም። ማብሰል አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም። ውሻና ጅብም እንዳይጎትቱት ለእንስሳት ሐኪም ቶሎ ተነግሮ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። የቀሩት ከብቶች በየዓመቱ ይከተባሉ።

ሌላም የማያምም ቁስል አለ፤ ቁንጭር ይባላል። ፊት ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ጀምሮ ለወራት ሳይድን ይቆያል። የምታስተላልፈው ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት፣ «የአሸዋ ዝንብ» የሚሏት ናት። በደጋና በወይና ደጋ፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደልና ዋሻ አጠገብ ትገኛለች። አይገድልም፤ ፊትን ግን ያበላሻል። ሕክምና አለው፤ በወሎ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይህን በማከም ይታወቃል።

እንግዲህ የነከሳችሁን ካላያችሁ ስም ለማውጣት አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ታጠቡ። እጅ ላይ ከሆነ ሳያብጥ ቀለበትና አምባር አውልቁ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት የት እንዳደራችሁ፣ ምን እንደ ነካችሁ አስቡ። አሁን መጻፍ ታውቁ የለ? በእስክሪብቶ የእብጠቱን ዳር ዙሪያውን አስምሩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት ጻፉ። በማግስቱ እብጠቱ ከመስመሩ ካለፈ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ መሀሉ ከጠቆረ፣ ዓይን አጠገብ ከሆነ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወረቀቱንም አሳዩ፤ ለሐኪሙ ግማሽ ሥራ ነው። ከንፈርና ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወረቀትም መስመርም ይቅር። ንብ ሲነድፍ እንዲህ የሚሆን ሰው አለና ያንኑ ደቂቃ ተሸክሞ መሮጥ ነው። ጊንጥ የነደፈው ሕፃንም እንዲሁ አይቆይም።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ጋሼ ራሳቸው በእጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ደረሰኝ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ መስመሩም ወደ ላይ ይወጣል። እንዲህ ይላል፤ «ፋኖሱን ከማማው 10 እርምጃ አርቄ በእንጨት ሰቀልሁት። ጥንዚዛዋ እዚያ ታድራለች፤ እኔ እዚህ አድራለሁ። ዘንድሮ እኔን የነካኝ የለም። በቆሎውን ግን ጃርት በላው።»