ቤቱ ሲታደል ጤናውስ? ከቦሌ ቡልቡላ የሚነሣ ጥያቄ

ድህነት ሰውን እንዴት ያሳምማል ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው የምግብ እጦትን ወይም የመድኃኒት መግዣ ማጣትን ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በመካከል የሚዘነጋ ነገር አለ፤ እርሱም ቤት ነው። የምንተነፍሰው አየር፣ የምንጠጣው ውኃ፣ ከሥራችንና ከጤና ጣቢያ ያለን ርቀት ሁሉ ከምንኖርበት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ድሃው ደግሞ የት እንደሚኖር ራሱ አይወስንም፤ አዋጅና የመሬት አስተዳደር ይወስኑለታል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1848 የፕሩሲያ መንግሥት ሩዶልፍ ፊርሆ የተባለውን ወጣት ሐኪም በላይኛው ሲሌዢያ የገባውን የተስቦ ወረርሽኝ እንዲመረምር ላከው። ሐኪሙ አይቶ ሲመለስ ያዘዘው የሚዋጥ መድኃኒት አልነበረም፤ ሕዝቡ ትምህርት፣ የተሻለ ገቢና በራሱ ጉዳይ የመወሰን መብት እንዲያገኝ ነበር የጠየቀው። ላኪዎቹን ብዙ እንዳላስደሰተ መገመት አያስቸግርም።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ አነስተኛ ኪራይ ይከፍል የነበረው ሰው እፎይ አለ። ኪራዩ ተቀነሰለት፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችም ወደ ቀበሌ ተላለፉ። ለድሃው የተደረገ ትልቅ ውለታ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የሚሰበሰበው ኪራይ ቤቱን ለማደስ አይበቃም ነበር። ቀበሌው አላደሰ፤ ተከራዩም ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ አላደሰ። ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ልጆች አድገው አግብተው በዚያችው ክፍል ቆጥ እየሠሩ ቀሩ፤ አንድ መጸዳጃ ቤት የብዙ ቤተሰብ ሆነ። አንድ የሚያስል ሰው መስኮት በሌላት ክፍል ከአምስትና ከስድስት ሰው ጋር ሲያድር የሳንባ ነቀርሳ እንዴት እንደሚዛመት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ኢትዮጵያ የዚህ በሽታ ጫና ከበዛባቸው አገሮች አንዷ መሆኗን የዓለም የጤና ድርጅት ሲመዘግብ ኖሯል።

ከዚህ መከራ ለመውጣት ተብሎ በ1996 ዓ.ም. ገደማ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ደግሞ ነባርና አዲስ ተመዝጋቢው አንድ ላይ ከ900 ሺህ አለፈ። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚይዝ መሬት መሀል ከተማ አልተገኘም። ፊቱ ወደ ዳር ዞረ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ያለችው ቦሌ ቡልቡላም ከእነዚህ ዳር ቦታዎች አንዷ ሆነች።

ቡልቡላ ግን ባዶ ሜዳ አልነበረችም። የገበሬ ማሳና የከብት ግጦሽ ነበረች። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለለቀቀ ገበሬ ካለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ካሳ እንዲከፈለው ይደነግግ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ወደ 15 እጥፍ ከፍ አድርጎታል፤ የተነሺውን ኑሮ መልሶ ማቋቋምንም ግዴታ አድርጓል። ታዲያ ከዚያ በፊት የተነሣው ምን ሆነ? የ10 ዓመት ገቢ በአንድ ቀን ሲቆጠር ብዙ ይመስላል። ገንዘብ አስተዳድሮ ለማያውቅ፣ ኑሮውን ከእርሻ በቀር በሌላ ላልመራ አባወራ ግን ገንዘቡ ሲያልቅ እህሉም ወተቱም አብረው ያልቃሉ። ትናንት ከጎተራው ይበላ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ ጤፍ በኪሎ ይሸምታል። ይህም የጤና ጉዳይ ነው፤ በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ግን «መሬት በመልቀቅ» የሚባል ምርመራ የለም።

ዕጣው የወጣለትስ? የ20/80 ቤት 20 በመቶውን ባለዕድሉ ከፍሎ ቀሪው በባንክ ብድር የሚሸፈን ነው። ለባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር እየቆጠበ ዓመታት የጠበቀ ሰው ዕጣው ሲወጣለት ቤቱን ማስጨረስ አለበት፤ ወርኃዊው ዕዳም ወዲያው ይከተላል። ስለዚህ ብዙው ቁልፉን ተረክቦ ቤቱን ያከራያል፤ ራሱ ርካሽ ወደሆነ ቦታ፣ አንዳንዴም ያው ወደለቀቀው ዓይነት ጭቃ ቤት ይመለሳል። ለድሃ ተብሎ የተሠራው ፎቅ ለድሃው የኪራይ ገቢ ሆነው እንጂ መኖሪያ አልሆነውም።

እዚህ ላይ የሙስሊሙን ባለዕድል የተለየ ችግር ማንሣት ግድ ነው። ብድሩ ወለድ አለበት። ዕጣው በተጀመረበት ዘመን በአገሩ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አልነበረም፤ ብሔራዊ ባንክ መመሪያውን ያወጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። በመካከል የነበረው ሰው ወይ ሙሉ ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል ነበረበት፣ ወይ ኅሊናውን እየከሰሰ መበደር፣ ወይ ዕድሉን መተው። ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ደግሞ ከመጀመሪያውም ድሃ አይደለም። ይህንን ያሰበ የቤት ፖሊሲ አውጪ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

እንግዲህ ቤቱ ውስጥ ያለው ተከራይ ነው። ሊፍት በሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ውኃው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ድረስ አይወጣምና ነፍሰ ጡሯ ወይም አሮጊቷ ጀሪካን ይዘው ደረጃ ይወጣሉ። የተጠራቀመ ውኃ ደግሞ ክዳኑና መቅጃው ንጹሕ ካልሆነ የተቅማጥ ምንጭ ነው። ወደ መርካቶ ለሥራ የሚወርድ ሰው ታክሲ እየቀያየረ የቀኑን ገቢ ጉልህ ክፍል ለመንገድ ይከፍላል፤ ይህ ገንዘብ የሚቀነሰው ከምግብ ነው። ዕድሩና ጎረቤቱ የቀድሞው ሠፈር ቀርተዋል፤ ሌሊት ቢታመም በሩን የሚያንኳኳለት ሰው የለውም። በ2016ና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ዳር ሠፈሮች የሄዱትም ይህንኑ ያውቁታል።

በተለይ አንድ ነገር ቸል ተብሏል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ በኋላ አዲስ አበባ የገባ መልካም ሥርዓት ነው። አባልነቱ ግን በወረዳ የነዋሪነት መዝገብ ላይ ቆሟል። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር፣ መታወቂያው የቀድሞው ወረዳ የቀረ ተከራይ መድኅኑ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ሆኖ ሳለ መዝገቡ ላይ የለም። የልጁ የክትባት ካርድ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የእናቱ የስኳር ክትትል ሌላ ጤና ጣቢያ ይቀራል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። በእኔ ግምት ይህ ካለፉት ዓመታት የጤና መመሪያዎች ከብዙዎቹ ይልቅ ለጤና የሚጠቅም ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ ከዋለ። አሁን የሚቀረው የተመዘገበ የኪራይ ውል ብቻውን ለጤና መድኅን አባልነት ማስረጃ እንዲሆን መፍቀድ ነው። መዋጮው የሚከብደውን ተከራይ በየመስጊዱ ዘካ የሚሰበስቡ ጀመዓዎች ሊደግፉት ይችላሉ። ውሉንም የመድኅን አባሉንም የሚመዘግበው ያው ወረዳ ነው፤ ሁለቱ ጠረጴዛዎች የሚገኙትም አንድ ግቢ ውስጥ ነው።