የመኪና መሪ ሲንቀጠቀጥ ምክንያቱ እንዴት ይታወቃል?

ንግድ የሚካሄደው በገንዘብና በሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ ሸቀጡን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርሰው መኪናም የንግዱ አንዱ ክፍል ነው። ከሐዋሳ በዲላ አድርጎ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ጪጩ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። በቡና ለቀማ ወራት ከጌዴኦ ኮረብቶች የተለቀመው እሸት ቡና በፒክ አፕ እየተጫነ ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎች ይወርዳል። እሸት ቡና ደግሞ ነገ ይደርሳል ተብሎ የሚታደር ዕቃ አይደለም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል፤ ደረጃውም ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው አንድ ቀን የቆመ እንደ ሆነ ጉዳቱ የጋራዥ ሒሳብ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ከመኪና ሕመሞች ሁሉ ባለቤቱን ግራ የሚያጋባው የመሪ መንቀጥቀጥ ነው። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ምንም አይታይበትም። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ መሪው በሾፌሩ እጅ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ይተዋል። መካኒኩ በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሞክረው ምንም አያገኝም። ከዚያ በኋላ በግምት መለዋወጥ ይጀመራል፤ ዛሬ ቴስቲና፣ ነገ አሞርዛተር፣ ከነገ ወዲያ ኩሽኔታ ይገዛል። ገንዘቡ ያልቃል፤ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ይቀራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ መኪናው የሚናገረውን ምልክት ሳይሰሙ መለዋወጫ መግዛት ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። በነዳጅ የሚነዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና በሚገባ ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ ተፈላጊ ሆኗል።

በመጀመሪያ መንቀጥቀጡ ስለ ምን በፍጥነት ላይ እንደሚመሠረት መረዳት ይገባል። የአንድ ፒክ አፕ ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው ቢባል፣ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ጎማው በአንድ ሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቸርኬው አንድ ወገን የ50 ግራም ብልጫ ቢኖር፣ ያ ጥቂት ክብደት በዚህ ፍጥነት 4 ኪሎ በሚያህል ኃይል ጎማውን ወደ ውጭ ይስባል። ጎማው በዞረ ቁጥር ስበቱ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስለሚሆን መሪው ይርገበገባል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ የጪጩና የአካባቢው መኪና ባለቤቶች ከሁሉ አስቀድመው ሊመለከቱት የሚገባው ነገር ዋጋ የማይጠይቀው ጭቃ ነው። ፒክ አፑ በዝናብ ወራት ከእርሻ መንገድ ወጥቶ ወደ አስፋልት ሲደርስ ቀዩ ጭቃ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል። ከውጭ አይታይም። ግማሽ ኪሎ የሚሆን ጭቃ በአንድ ወገን ተጣብቆ ቢቀር ግን ከላይ በተነገረው ሒሳብ መሠረት 40 ኪሎ የሚያህል ስበት ይፈጥራል። ስለዚህ ማንኛውም ምርመራ የቸርኬውን ውስጥ በውኃ በማጠብ ይጀመር።

መንቀጥቀጡ ከታጠበም በኋላ ካልተወ፣ ሾፌሩ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ያዘጋጅ።

1ኛ/ የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ መቀመጫው? መሪው ብቻ ከሆነ ነገሩ ከፊት ጎማዎች ወገን ነው። መቀመጫውና ወለሉ ከሆነ ወደ ኋላ ጎማዎች ማየት ያሻል። ወለሉ ላይ ፈጣንና ደቃቅ ንዝረት ከተሰማ ደግሞ ኃይልን ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግና ክሮቼራው ይመርመሩ፤ ይህ ዘንግ በብዙ ፒክ አፖች ላይ ከጎማው አራት እጥፍ ያህል ይዞራልና።

2ኛ/ የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነውን? እንዲህ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ የተለያየ ሊሆን ስለሚችል ጎማ ባላንስ ማስደረግ ከንቱ ድካም ነው።

3ኛ/ ጉድጓድ ከተመታ በኋላ ብቻ ይነሣልን? ይህ በመሪው መገጣጠሚያዎች ላይ መላላት መኖሩን ያመለክታል።

4ኛ/ ጭነት ሲኖርና ሳይኖር ልዩነት አለውን? ከባድ ጭነት የኋላውን ዝቅ፣ የፊቱን ቀለል ስለሚያደርግ ምልክቱ ሊለወጥ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጎማዎችን የማለዋወጥ ፈተና ነው። የጎማዎቹ መጠን አንድ ዓይነት ከሆነ፣ በአንዱ ወገን ያለው የፊት ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ይዛወርና መኪናው በዚያው መንገድና በዚያው ፍጥነት ይነዳ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫው ከሄደ ጥፋቱ በተዛወረው ጎማ ወይም ቸርኬ ላይ ነው። ምንም ካልተለወጠ የሌላው ወገን ጎማዎች በተራቸው ይሞከሩ። ከዚያም በኋላ እንዳለ ከቀረ ጎሚስታው ሥራውን ጨርሷል፤ ፊታችንን ወደ ኩሽኔታውና ወደ መሪው መገጣጠሚያ ማዞር ይገባል።

ባላንስ ተደርጎ ሳለ መንቀጥቀጡ የማይተው ለምን እንደ ሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ። አንዱ ምክንያት ቸርኬው ከሚያርፍበት ገጽ ላይ ዝገት ወይም ደረቅ ጭቃ መኖሩ ነው። ጎማው በባላንስ መሣሪያ ላይ ትክክል ሆኖ ሳለ በመኪናው ላይ ሲታሰር ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። መድኃኒቱ ገጹን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ዳዶዎቹንም በዙሪያ በተራ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን እየመረጡ ማጥበቅ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላም እንደ ገና ይፈተሹ።

ኩሽኔታውን ለመፈተን መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ቀሪዎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ ፊቱም በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና በታች ማንም እንዳይገባ። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዛወዝ መላላት ከተሰማ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ፤ መላላቱ ከጠፋ ኩሽኔታው፣ ካልጠፋ ግን ጎማውን የሚይዘው መገጣጠሚያ ይጠረጠራል። ጎማው ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዛወዝ የሚላላ ከሆነ የመሪው ዘንግ ቴስቲና ይታይ። ጎማው ያበጠ፣ ወይም ዳዶው የላላ፣ ወይም መንቀጥቀጡ በድንገት የበረታ እንደ ሆነ ግን ጉዞው እዚያው ይቁም፤ ጭነቱም በሌላ መኪና ይሂድ።

አስመጪውና ባለሱቁም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚለው በአውሮፓ አቆጣጠር የ2019 ዓ.ም. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ይህን አይቶ የሚገዛና ለደንበኛው አሳይቶ የሚሸጥ ነጋዴ በመጋዘን ያረጀ ጎማን አዲስ ብሎ ከመሸጥ ይድናል። ጎሚስታውም የባላንስ እርሳስ በየመጠኑ እንዲያገኝ ማድረግ ትንሽ ወጪ የሚጠይቅ፣ ብዙ ደንበኛ የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

በመጨረሻም እያንዳንዱ የንግድ መኪና አንድ ደብተር ይኑረው። መንቀጥቀጡ የታየበት ቀን፣ ፍጥነቱ፣ ጭነቱ፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙ፣ የተሞከረውና የተለወጠው ዕቃ ሁሉ ይጻፍበት። ነጋዴ ያለ መዝገብ ትርፉንና ኪሳራውን እንደማይለይ ሁሉ፣ ያለ መዝገብ የሚጠገን መኪናም ጥፋቱ የት እንዳለ አይታወቅም። ይህን ደብተር ይዞ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለቤት የሚከፍለው ለተገኘው ጥፋት እንጂ ለግምት አይሆንም።