የኔ ቢጤ፦ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ወገኖቻችንና የእኛ ሶደቃ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ በመስጂዱ በር ግራና ቀኝ ተቀምጠው የሚጠብቁን ሰዎች አሉ። አብዛኞቻችን ጫማችንን እያጠለቅን ከኪሳችን ዝርዝር እንፈልጋለን፤ እንሰጣለን፤ እናልፋለን። ዝርዝር ከሌለን «አላህ ይስጥህ» እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ፊታቸውን እንኳ ሳናይ። ከእነሱ መካከል ማታ የሚገቡበት ቤት የሌላቸው አሉ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እነሱ ነው። ለምን ጎዳና ላይ ወጡ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት የሌላቸውን ሰዎች እንዴት ያዙ? እኛስ ክብራቸውን ሳንነካ እንዴት እንርዳቸው?

1. ማን ናቸው?

አማርኛችን ለሚለምን ሰው «የኔ ቢጤ» የሚል ስም አለው። ለምደነው ነው እንጂ ትርጉሙ ከባድ ነው፤ «አቻዬ፣ እንደኔ ያለ ሰው» ማለት ነው። ደግሞ ጎዳና የሚያድር ሁሉ አይለምንም። በአርባ ምንጭ ሲቀላም ሆነ ሴቻ ቀን ጫማ የሚጠርገው፣ ዕቃ የሚሸከመው፣ መኪና የሚያጥበው ልጅ ማታ በሱቅ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው ሊሆን ይችላል። ሠርቶ ይበላል፤ የቤት ኪራይ ግን አይደርስበትም።

ወደ ጎዳና የሚያደርሰው መንገድ ብዙ ነው። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በአካባቢው፣ መሬት ከአባት ወደ ልጆች ሲከፋፈል እየጠበበ ሄዷል። ስለዚህ ልጆች በሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይ ወደ ሽሮ ሜዳ አካባቢ መሄዳቸው የቆየ ነገር ነው። ብዙዎች በዚህ ሙያ ቤተሰብ መሥርተዋል። ነገር ግን «ትምህርት ቤት ትገባለህ» ተብለው ተወስደው ሌሊትና ቀን ሸማ ሲሠሩ የኖሩ፣ ከዚያ ሲያመልጡ መድረሻቸው ጎዳና የሆነ ልጆችም አሉ። ሌላው እናቱ ሞታ የእንጀራ አባት ዱላ ያስወጣው ነው። ሌላዋ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ ስታረግዝ ከነሻንጣዋ የተባረረች ናት። ሌላው አእምሮውን የታመመና ቤተሰብ መያዝ ያቃተው ነው። ሌላው ለሕክምና ከገጠር መጥቶ ገንዘቡ ያለቀበት ነው።

ቤት ማጣት በአንድ ሌሊትም ይመጣል። በመስከረም 2011 በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች፣ ዕድሜ ልካቸውን በላባቸው የኖሩ ሸማኔዎች ጭምር፣ ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ደግሞ በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። የተረፉት ብዙዎቹ ያለ ቤት ቀሩ። ትናንት እንግዳ ይቀበሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ እንግዳ ሆኑ።

አንዴ ጎዳና ላይ ከወጡ በኋላ መመለስ ለምን እንደሚከብድም እንረዳ። አድራሻ የሌለው ሰው የቀበሌ መታወቂያ ማግኘት ይከብደዋል። መታወቂያ ከሌለው ተያዥ የሚሆነው አያገኝም፤ ያለ ተያዥ የሚቀጥረው የለም። ሥራ ከሌለው ቤት አይከራይም፤ ቤት ከሌለው ደግሞ ያው አድራሻ የለውም። ስለዚህ «ለምን አይሠራም?» ከማለታችን በፊት ይህን ቀለበት እናስብ።

2. በነቢዩ መስጂድ ውስጥ የነበረው መጠለያ

ቤት አልባነት ለኢስላም አዲስ ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ቤታቸውን ጥለው ሲሰደዱ ሐበሻ ተቀብላቸዋለች። መዲና ላይ ደግሞ ቤትም ቤተሰብም የሌላቸው ሶሓቦች በነቢዩ መስጂድ ውስጥ ጥላ በተሠራለት ቦታ ይኖሩ ነበር። ቦታው «ሱፋ» ይባላል፤ ሰዎቹም «አህሉ ሱፋ» ተባሉ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከእነሱ 70 ያህሉን እንዳዩና አንዳቸውም ሙሉ መደረቢያ እንዳልነበራቸው ቡኻሪ ዘግበዋል።

አቡ ሁረይራ ራሳቸው የሱፋ ሰው ነበሩ። ቡኻሪ የዘገቡት የታወቀ ታሪክ አላቸው። ረሃብ በጣም ሲጠናባቸው መንገድ ላይ ተቀመጡ። አቡበክር (ረ.ዐ) ሲያልፉ ስለ አንድ የቁርኣን አያ ጠየቋቸው፤ የፈለጉት ግን መልሱን ሳይሆን ወደ ቤት መጋበዝን ነበር። አቡበክር አልገባቸውምና መልሰው አለፉ። ዑመርም (ረ.ዐ) እንዲሁ። ከዚያ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ፊታቸውን አይተው ፈገግ አሉ፤ የሚፈልጉትን ዐወቁ፤ በስማቸው ጠሯቸውና ወደ ቤት ወሰዷቸው። ቤት ውስጥ የተገኘው በስጦታ የመጣ አንድ ዕቃ ወተት ብቻ ነበር። ረሱል የሱፋን ሰዎች በሙሉ እንዲጠሩ አዘዟቸው። ወተቱን ለሁሉም እንዲያድሉ ያደረጉትም ያንኑ የተራበውን አቡ ሁረይራን ነው። ሁሉም ጠጥተው ጠገቡ፤ አቡ ሁረይራም ጠጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጠጡት በመጨረሻ ነው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉትን አደቦች ቁጠሯቸው። አንደኛ፣ ሳይለመኑ ፊት አንብበው ዐወቁ። ሁለተኛ፣ በስም ጠሩ። ሦስተኛ፣ በር ላይ ሰጥተው አልሸኙም፤ ወደ ቤት አስገቡ። አራተኛ፣ የተራበውን ሰው ተቀባይ ብቻ ሳያደርጉ ኃላፊነት ሰጡት፤ አስተናጋጅ አደረጉት። አምስተኛ፣ ራሳቸው ከሁሉም ኋላ ጠጡ።

በሌላ ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሁለት ሰው ምግብ ያለው ሦስተኛ ሰው ከሱፋ እንዲወስድ አዘዋል። አቡበክር ሦስት ሰዎች ወሰዱ፤ ረሱል አሥር። ሸክሙን ጀመዓው በሙሉ ተከፋፈለው ማለት ነው።

በሱረቱል በቀራህ 273ኛው አያ አላህ ሰዎችን ችክ ብለው የማይለምኑ፣ ከጨዋነታቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚመስሉትን ድሆች ያወሳል። ከሙፈሲሮች መካከል የሱፋን ሰዎች የሚጠቅሱ አሉ። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ የነበሩት አቡ ሁረይራ 5374 ሐዲስ በስማቸው ተዘግቦ ደርሶናል። ዛሬ መስጂድ በር ላይ ያለፍነው ልጅ አላህ ዘንድ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?

3. ወጣቶች የሚያነሷቸው ሦስት ጥያቄዎች

*ሙስሊም ካልሆነስ?* በጋሞ ዞን እኛ ሙስሊሞች ጥቂት ነን፤ ጎዳና ላይ ከምናገኛቸው አብዛኞቹ የሌላ እምነት ተከታዮች ናቸው። ሶደቃ ለእነሱም ይሰጣል፤ አጅርም አለው። ሱረቱል በቀራህ 272ኛው አያ የወረደው ሙስሊም ላልሆኑ ዘመዶቻቸው መስጠት ከከበዳቸው ሰዎች ጋር በተያያዘ መሆኑ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ተዘግቧል። ዘካ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ ለሙስሊም ድሆች ነው። ከዘካ ስምንት ባለመብቶች አንዱ «ኢብኑ ሰቢል» ይባላል፤ ቃል በቃል «የመንገድ ልጅ» ማለት ነው። በፊቅህ ትርጉሙ መንገድ ላይ ስንቅ ያለቀበት ሙሳፊር ነው፤ አገሩ ላይ ሀብታም ቢሆን እንኳ። ሸሪዓው መንገድ ላይ የቀረን ሰው በስም ጠርቶ መብት እንደሰጠው ልብ በሉ።

*ማስቲሽ የሚስብ ልጅ ገንዘብ ልስጠው?* ብዙዎቹ ልጆች ማስቲሽ የሚስቡት ረሃቡንና ብርዱን ለመርሳት ነው። ገንዘብ መስጠት ካሳሰባችሁ አትስጡ፤ ግን በዚህ ሰበብ ባዶ እጁን አትለፉት። ምግብ ቤት ይዛችሁት ግቡ፣ አብራችሁት ብሉ። ያኔ ስሙን ታውቃላችሁ፤ ከየት እንደመጣም ይነግራችኋል።

*ሌሎችን ለማነሳሳት ቪዲዮ ብንቀርጽስ?* ሶደቃን በግልጽ መስጠት ይፈቀዳል፤ በድብቅ መስጠት ግን እንደሚበልጥ ቁርኣን ነግሮናል (አል በቀራህ 271)። በመመጻደቅና በማስከፋት ሶደቃችንን እንዳናበላሽም አስጠንቅቆናል (264)። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ የናንተ ነው፣ በግልጽ ልትሰጡት ትችላላችሁ። የሰውየው ፊት ግን የናንተ አይደለም። የተራበ ሰው ካሜራ ፊት «እሺ» ቢል ምርጫ ኖሮት ነው ማለት አይቻልም። እናቱ ጨንቻ ሆና በስልክ ብታየውስ? ለማነሳሳት ከፈለጋችሁ የተገዛውን ብርድ ልብስ አሳዩ፤ ፊቱን ተዉት።

4. ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ ምን እናድርግ?

• አጠራራችንን እናስተካክል። በዕድሜ የገፉትን ጎዳና ላይ ስላገኘናቸው ብቻ «አንተ» እና «አንቺ» አንበላቸው። «አባባ»፣ «እማማ»፣ «አንቱ» እንበል። ልጁንም «ወንድሜ» እንበለው።

• ስንሰጥ ከላይ አንወርውር። ጎንበስ ብለን፣ ፊታቸውን እያየን፣ በእጃቸው እናስጨብጣቸው። የምንሰጠው ከሌለን መልካም ቃል እንስጥ።

• የተቀደደ ልብስ አንስጥ። ለእኛ ቢሰጠን ዐይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን ነገር መርጠን እንዳንሰጥ አላህ ከልክሎናል (አል በቀራህ 267)። አጥበን፣ አጣጥፈን እንስጥ።

• አምስት ወይም ስድስት ጓደኛሞች ተሰባስባችሁ አንድ ሰው ያዙ። መታወቂያ እንዲያወጣ ወደ ቀበሌ አብራችሁት ሂዱ። ከታመመ ሆስፒታል አድርሱት። ሊስትሮ መሥራት ለሚፈልግ ዕቃውን ግዙለት። ለሃምሳ ሰው ሳንቲም ከመበተን አንድን ሰው እስከ መጨረሻው መያዝ ያንን የተዘጋ ቀለበት ይሰብራል።

• ሕፃን ልጅ ካገኛችሁ በራሳችሁ ወደ ቤታችሁ አትውሰዱ፤ ለምን እንደወጣ ሳታውቁም በአውቶቡስ አሳፍራችሁ አትመልሱት። ምናልባት የሸሸው ዱላን ይሆናል። የሴቶችንና ሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት አሳውቁ፤ ጉዳዩ እስኪያልቅም ተከታተሉ።

• ጎዳና ላይ ያሉ ሴቶችን እህቶች ይያዙ። ሞዴስ፣ የውስጥ ልብስ፣ ሳሙና ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን ለወንድ አይናገሩም። ማታ የሚደርስባቸውን አደጋም ለእናንተ እንጂ ለእኛ አይነግሩንም።

• በጀመዓችሁ ውስጥ ተነጋገሩ። መዲና ላይ ሱፋን ያቀፈው መስጂዱ ነበር። የእኛ መስጂድ ቢያንስ ውኃ፣ መታጠቢያና በሳምንት አንድ ቀን ትኩስ ምግብ ሊሰጥ ይችላል። ኢማሞቻችንንና የመስጂድ ኮሚቴውን በአደብ እንጠይቅ፤ ሥራውን እኛ ወጣቶች እንሠራዋለን እንበል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሱረቱ ዱሓ ውለታውን ሲያስታውሳቸው የቲም ሆነው እንዳስጠጋቸው ነግሯቸዋል፤ ወዲያው አስከትሎም የቲምን እንዳይጨቁኑ፣ ለማኝንም እንዳይገላምጡ አዟቸዋል። ዛሬ ማታ ጣራ ሥር የምናድር ሁላችንም አላህ ያስጠጋን ነን። ዛሬ ከመስጂድ ስትወጡ ቢያንስ የአንድን ሰው ስም ጠይቃችሁ ግቡ። በሚቀጥለው ጁሙዓ በስሙ ጥሩት።

አላህ ሆይ! ቤት ለሌላቸው መጠጊያ ሁናቸው፤ ለተራቡት ሪዝቃቸውን አስፋላቸው፤ የታመሙትን አሽር። ሶደቃችንን ከሪያእና ከመመጻደቅ ጠብቅልን፤ ልባችንንም ለስላሳ አድርግልን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢዩ ላይ ሶለዋት ማብዛት አንርሳ።