ኪቦርድ ላስመረረሽ ልጄ

ልጄ፣ ቢሮ ከገባሽ ወዲህ ማታ ማታ ወሬሽ ሁሉ ስለ ኪቦርዱ ሆኗል። አማርኛው በድንገት እንግሊዝኛ ይሆንብሻል፣ ፊደሉ ይዘልብሻል፣ የደከምሽበት ደብዳቤ አለቃሽ ጋ ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆናል። ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ ስለ ጨረስኩ ብስጭቱን አውቀዋለሁ። አብዛኛው ግን ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ ምክንያቱን ስታውቂ ይቀልልሻል። እንደ መጣልኝ ልንገርሽ።

1. ከመናደድሽ በፊት የስክሪኑን የቀኝ ታችኛ ጥግ እዪ፤ የምትጽፊበት ቋንቋ እዚያ ይታያል። አልትና ሺፍት፣ ወይም የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ባር አብረው ሲነኩ ቋንቋው ይቀየራል፤ ጣት ሲፈጥን ሳይታወቅ ይነካቸዋል። የይለፍ ቃልሽን አልቀበልም ሲልሽም መጀመሪያ ይህንኑ ተመልከቺ። በንዴት ደጋግመሽ ከሞከርሽ ይቆለፍብሽና የአይቲ ልጆችን ስትለምኚ ትውያለሽ።

2. ካፕስ ሎክ በእንግሊዝኛ ሲበራ ፊደሉን ያተልቀዋል፣ ቃሉ ግን ያው ቃል ነው። በድምፅ በሚጻፈው አማርኛ ፊደሉ ራሱ ሌላ ይሆናል፦ ት የነበረው ጥ፣ ን የነበረው ኝ፣ ች የነበረው ጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጽሑፉ ሲበላሽብሽ ፕሮግራሙን ከማጥፋትሽ በፊት የካፕስ ሎክን መብራት እዪ።

3. ይህን አደራ የምልሽ ከሁሉ በላይ ነው፤ የሰው ስም ላይ አትቸኩዪ። ኪይማን በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ኤስን አንዴ ስትመቺ ስ ይወጣል፣ ሥ ለማውጣት ሁለቴ መምታት አለብሽ። ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ የየራሳቸው አመታት አላቸው። አንዷን ምት ለመቆጠብ ብዙ ጸሐፊ ሁሉንም በሀ፣ በሰ፣ በጸ ይጨርሰዋል። ለተራ ቃል ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ስም ግን መታወቂያ ላይ ኃይሉ ተብሎ አንቺ ደብዳቤ ላይ ሀይሉ ከሆነ፣ ሰውየው ባንክ መስኮት ላይ ቆሞ «ስሙ አይገጥምም» ይባላል። ከዚያ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ አንቺ ቢሮ፣ አንዳንዴም ፍርድ ቤት ድረስ ይሄዳል። የውርስ ጉዳይ የያዙ አሮጊት እናት በአንድ ፊደል ምክንያት ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ አይቻለሁ፤ ልቤ አልቻለም። ባለጉዳዩ ፊትሽ ሳለ መታወቂያውን ተቀብለሽ ፊደል በፊደል አመሳክሪ። ፊርማና ማህተም ከማረፉ በፊት ወረቀቱን ለራሱ ስጪውና ስሙን ያንብብልሽ። የእንግሊዝኛው አጻጻፍም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን፣ አንቺ እንደመሰለሽ አይሁን።

4. የፊደላችንን ብዛት አትማረሪበት። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ፊትሽ ያለው ሰሌዳ ደግሞ መሠረቱ ለ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጽሕፈት መኪና ያበጁት አደራደር እስከ ዛሬ ዘልቋል። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ሊያመቻቹ ሲነሡ የገጠማቸው ይኸው ጥበት ነው። ዛሬ ሁለት ቁልፍ መትተሽ ሙሉ ፊደል ማውጣትሽ ከብዙ ሰው ድካም በኋላ የመጣ ነው። ኤፍ እና ጄ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች በሌባ ጣቶችሽ ፈልጊ፤ እጅሽን እዚያ ካሳረፍሽ ቁልቁል ማየቱን ቀስ በቀስ ትተይዋለሽ፣ አንገትሽም ያርፋል።

5. ሺፍትን ተደግፈሽ አታስቢ። የቀኙን ለ8 ሰከንድ ከያዝሽው፣ በተከታታይም 5 ጊዜ ከመታሽው ዊንዶውስ ጥያቄ ያወጣል። ሳታነቢ እሺ ካልሽው ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስልሻል። የበራው አሠራር በበራበት መንገድ መልሶ ይጠፋል።

6. መዝገብ ቤት ያለው የቆየ ፋይል ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ከሆነብሽ አልጠፋም፤ እንደገና ልተይበው ብለሽ አትቀመጪ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ፕሮግራሞቹ የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር የሚያሳይሽ ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ ነው። የተጻፈበትን ፎንት ስም እዪና አስጭኚ፣ ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዛውሪው። ከተቀየረ በኋላ ቁጥሩንና ስሙን ከዋናው ጋር አመሳክሪ። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የምትልኪውን ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጊው።

7. ሻይሽን ከኪቦርዱ አርቂው። ከፈሰሰም ወዲያው ገመዱን ንቀዪና በአፉ ድፊው፤ ስኳሩ ሲደርቅ ቁልፎቹን ያጣብቃል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ አጥፊው፣ «እስኪ ይሠራ እንደሆነ» ብለሽ መልሰሽ አታብሪው፤ የሚያቃጥለው እርጥበቱ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ነው። ለባለሙያ ስጪ፣ የፈሰሰውም ሻይ መሆኑን ሳትደብቂ ንገሪ። ቁልፉ ያረጀና የሚሰምጥ ኪቦርድ ከደረሰሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትታገዪው፣ በጽሑፍ ጠይቂ። ግዢ ክፍል ቢያዘገየውም ጥያቄሽ በመዝገብ ይኑር።